ባሪ ሳንደርስ ሪከርዱ ደጃፍ ደርሶ ለምን ተመለሰ?

ናቲ_23፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ፉትቦልን በደንብ ማየት የጀመርኩት በቅርብ ነው። በ2024 ሲዝን ሴክዋን ባርክሊ ለፊላደልፊያ ኢግልስ 2,005 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ሲሮጥ ጨዋታው ልቤ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኳርተርባክ (ጨዋታውን ስለሚመራውና ኳሱን ስለሚወረውረው ሰው) ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ኳሱን ተቀብሎ በእነዚያ ግዙፍ ሰዎች መሀል የሚገባው ሯጭ ነው። ስለ እነዚህ ሯጮች፣ ራኒንግ ባክ ስለሚባሉት፣ ያገኘሁትን ቪዲዮ ሁሉ ማየት ጀመርኩ።

እያየሁ ስሄድ ባሪ ሳንደርስ ላይ ቆምኩ። እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ቁጥሩን ላስቀምጥላችሁ። ከ1989 እስከ 1998 ለዲትሮይት ላየንስ 10 ሲዝን ተጫወተ። በጠቅላላው 15,269 ያርድ ሮጠ። የዚያን ጊዜው ሪከርድ የዋልተር ፔይተን ነበር፤ 16,726። የቀረው 1,457 ያርድ ነው። በመጨረሻው ሲዝኑ ደግሞ 1,491 ሮጧል! እንደዚያው ያለ አንድ ዓመት ቢጨምር ሪከርዱን በእጁ ያስገባ ነበር። እሱ ግን በጁላይ 1999፣ ልምምድ ሊጀመር ሲል፣ በትውልድ ከተማው በዊችታ ለሚታተም ጋዜጣ ፋክስ ላከና በቃኝ አለ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለምን? ጉልበቱ ደህና ነው። ዕድሜው ገና 31 ነው። የሚከፈለው ገንዘብም ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሥራውን ጨረሰ ነው የሚባለው ወይስ አቋረጠ? አንድ ጓደኛዬ «መመታቱን ፈርቶ ነው» አለኝ። አልተዋጠልኝም። በጊዜው በዓይናችሁ ያያችሁት ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።


የፖንቲያኩ፦

ናቲ፣ ጥሩ ሰው ላይ ነው የቆምከው።

በ90ዎቹ ሚሺጋን ነበር የምኖረው። ያኔ ላየንሶች የሚጫወቱት እንደ ዛሬው ዲትሮይት መሀል ከተማ አልነበረም። ፖንቲያክ ውስጥ ሲልቨርዶም የሚባል ስታዲየም ነበራቸው። ጣሪያው በአየር ግፊት የቆመ፣ 80 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ። በሩን ከፍተህ ስትወጣ አየሩ ከኋላህ ገፍቶ ነው የሚያስወጣህ። እሁድ እሁድ መኪና ማቆሚያው ላይ እሠራ ነበር። መኪናው ገብቶ ሲያልቅ አለቃችን ወደ ውስጥ እንድንገባ ይፈቅድልን ነበር። መቀመጫ የለንም። ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ፣ ከላይ ቆመን ነው የምናየው። ሳንደርስን ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። መንገዱ ሲዘጋበት ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ መንገድ በሌለበት ሲወጣ ታያለህ።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ገደማ ነው። ክብደቱ ወደ 92 ኪሎ። ጭኑ የሌላ ትልቅ ሰው ጭን ይመስላል። ኳሱን ገና ሲቀበል ብዙ ጊዜ ተከላካይ ፊቱ ደርሶ ይጠብቀዋል። ሌላው ሯጭ እዚህ ጋ አንገቱን ደፍቶ ይገባና 2 ያርድ ያገኛል። እሱ ቀጥ ይላል። በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ ቀጥ! ተከላካዩ በመጣበት ኃይል ያልፈዋል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ ሁለት ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ወደ ወዲያኛው ጠርዝ። የሰው ድምፅ ራሱ ይለወጥ ነበር። መጀመሪያ «አይ!» የሚል ማጉረምረም ትሰማለህ፤ ተያዘ ብለው ነው። ወዲያው ያው ሰው ሁሉ ብድግ ይላል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ መሀል ተይዞ 3 እና 4 ያርድ ወደ ኋላ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነበር። የሚተቹት በዚህ ነው፤ ትችቱም መሬት ያለው ነው። ግን ስሌቱን እይ። ያ ኪሳራ ሁሉ ተቀንሶም በአንድ ሩጫ አማካዩ 5 ያርድ ነው። 3,062 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጦ 5 ያርድ! ቀን ሲጥልበት 1 ያርድ፣ ሲቀናው ደግሞ 80 ያርድ።

ተችዳውን (ኳሱን እስከ መጨረሻው መስመር አድርሶ ነጥብ) ካስቆጠረ በኋላ አይጨፍርም። ኳሱን ለዳኛው አቀብሎ ወደ ቡድኑ ይመለሳል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። መልሱን በ1999 አትፈልገው። በ1989 ፈልገው።

ሳንደርስ ኦክላሆማ ስቴት ሲማር ሁለት ዓመት የሌላ ታላቅ ሯጭ፣ የተርማን ቶማስ፣ ተጠባባቂ ነበር። ተርማን ወደ ኤንኤፍኤል፣ ወደ ትልቁ የባለሙያዎች ሊግ፣ ሲሄድ ተራው ደረሰው። በ1988 በ11 ጨዋታ 2,628 ያርድ ሮጠ። የኮሌጅ ምርጡ ተጫዋች የሚያገኘው የሃይዝማን ሽልማት ለእሱ መሆኑ ሲታወጅ ቡድኑ ለጨዋታ ቶኪዮ ነበር። በዓመቱ ላየንሶች በድራፍቱ፣ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ 3ኛ አድርገው መረጡት። አባቱ ዊችታ ውስጥ ጣሪያ እየሠሩ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸውም ያግዟቸው ነበር። ለሥራ እንጂ ለጭብጨባ ያደገ ልጅ አይደለም።

አሁን የመጀመሪያ ሲዝኑን የመጨረሻ ጨዋታ አስብ። አትላንታ ላይ ነው። ላየንሶች እየመሩ ነው። ሳንደርስ 1,470 ያርድ ደርሷል። የሊጉ አንደኛ የካንሳስ ሲቲው ክርስቲያን ኦኮዬ 1,480 ላይ ነው። (ኦኮዬ ናይጄሪያ፣ ኢኑጉ ተወልዶ ያደገ፣ ለዲስከስ ውርወራ ብሎ አሜሪካ ኮሌጅ የገባ፣ ፉትቦልን በ20ዎቹ ዕድሜው የጀመረ ግዙፍ ሰው ነው። የእሱ ነገር ራሱን የቻለ ጨዋታ ይወጣዋል።) 10 ያርድ ብቻ ነው የቀረው። አሰልጣኙ ዌይን ፎንትስ ወደ ሜዳ ልመልስህ ወይ ብለው ጠየቁት። እሱ እናሸንፍና ወደ ቤት እንሂድ አለ። አልተመለሰም። ኦኮዬ አንደኛ ሆነ። ሳንደርስ ያኔ 21 ዓመቱ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ 1,457 ያርድ ጥሎ ጨርቄን ማቄን ሳይል የሄደው ያው ልጅ ነው።

ስለዚህ ለምን ሪከርዱን ተወ ብለህ አትጠይቅ። ሪከርዱ መጀመሪያም አልያዘውም። የያዘው ማሸነፍ ነው። እሱ ደግሞ አልነበረም።

በ10 ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ ፕሌይኦፍ፣ የሲዝኑ መጨረሻ የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ገባ። ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ በጃንዋሪ 1992 ዳላስን 38 ለ 6። የዚያን ጊዜው ቡድን ጥሩ ነበር። ግን በዚያው ሲዝን ከፊቱ መንገድ የሚከፍትለት ላይንማን ማይክ አትሊ አንገቱ ላይ ተጎድቶ ሽባ ሆነ። በቀጣዩ ክረምት ሌላው ላይንማን ኤሪክ አንዶልሴክ በገዛ ግቢው ሥራ ላይ እያለ ከመንገድ የወጣ ትልቅ መኪና ገጭቶ ገደለው። በሜዳም ከሜዳም ውጪ ከባድ ሀዘን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ጥሩ ሰዎች አንድ በአንድ ሄዱ። ሎማስ ብራውን ከ1995 በኋላ ወጣ። ኬቨን ግሎቨር የመስመሩ መሀል፣ የሳንደርስም የቅርብ ወዳጅ ነበር። ሳንደርስ በዘመኑ ከሁሉ የበለጠውን ሲዝን ጨርሶ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ግሎቨር ወደ ሲያትል ሄደ። በ1998 ላየንሶች 5 አሸንፈው 11 ተሸነፉ።

ሳንደርስ ራሱ በኋላ ሲናገር ይህንኑ ነው ያለው። የቡድኑ አመራር ማሸነፍን ከልቡ አልያዘውም የሚል እምነት አድሮበት ነበር። እኔ ከላይ ቆሜ ሳይ የነበረውም ይሄንኑ ነው። ተቃራኒው ቡድን የሚያቆመው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያንንም ያውቀዋል። በዲሴምበር 1994 ግሪን ቤይ ሄደው የተጫወቱትን ፕሌይኦፍ ፈልገህ ተመልከት። በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የበለጠው ሯጭ 13 ጊዜ ሮጦ ከዜሮ በታች 1 ያርድ! 16 ለ 12 ተሸነፉ። እንዲህ ያለውን ነገር ስንት ዓመት ትችላለህ?

ፈርቶ ነው ላለው ጓደኛህ ይሄን ንገረው። በ10 ዓመት ከ160 ጨዋታ 153ቱን ተጫውቷል። በ1993 ጉልበቱን ተጎድቶ 5 ጨዋታ ሲያመልጠው እንኳ ከ1,000 ያርድ በላይ ሮጧል። የሚፈራ ሰው 3,000 ጊዜ እዚያ መሀል አይገባም።


ሰላም_ከዳላስ፦

ጋሼ፣ እንዲህ አድርገው ሲጽፉ ማን ይከራከርዎታል! ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኔ የዳላሱ ሯጭ የኤሚት ስሚዝ ሰው ነኝ፤ የፔይተንን ሪከርድ በኋላ የሰበረው እሱ ነው።

የሳንደርስ ፍቅር ሲነሳ ሁልጊዜ ኤሚት ይጎዳል። «ከፊቱ መንገድ የሚከፍትለት ምርጥ መስመር ስለነበረ ነው» ይባላል። እርግጥ ነው ነበረ። ላሪ አለን፣ ኔት ኒውተን፣ ኤሪክ ዊሊያምስ፣ እና መንገዱን በሰውነቱ የሚጠርግለት ፉልባክ ዳሪል ጆንስተን። ኤሚት ራሱ አልካደም። በ2010 የታላላቅ ተጫዋቾች መዘክር የሆነው የዝና አዳራሽ ሲገባ ጆንስተንን በስሙ ጠርቶ አመስግኖት አልቅሷል። እኔም አብሬ አልቅሻለሁ።

ግን መቆየትም ችሎታ ነው። 15 ሲዝን፣ 4,409 ሩጫ፣ 18,355 ያርድ። ቁጥር ብቻ አይደለም። ናቲ፣ ጃንዋሪ 2, 1994 ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር የተጫወቱትን ጨዋታ እይልኝ። ያሸነፈ ምድቡን ይወስዳል። ኤሚት ከዕረፍት በፊት ትከሻው ከቦታው ተላቀቀ። ተመልሶ ገባ። በአንድ እጁ ሰውነቱን ደግፎ ነው ከመሬት የሚነሳው። እያንዳንዱ ታክል ላይ (ተከላካይ ይዞ ሲጥለው) ፊቱን ሲያጨማድድ ታያለህ። በተጨማሪ ሰዓት 16 ለ 13 አሸነፉ። 32 ጊዜ ሮጦ 168 ያርድ፣ 10 ጊዜ ደግሞ ኳስ ተቀብሎ 61። ያን ሰው በመስመሩ ነው የኖረው ማለት ከባድ ነው። በዚያው ሲዝን መጀመሪያ በኮንትራት አለመስማማት ሁለት ጨዋታ ሲቀር ዳላስ ሁለቱንም ተሸንፎ ነበር። እሱ ተመለሰ፤ ሱፐር ቦውሉን፣ የሊጉን ዋንጫ፣ ወሰዱ።

ሪከርዱን የሰበረው ኦክቶበር 27, 2002 ነው፤ ከሲያትል ጋር፣ በራሳችን ሜዳ። ጨዋታውን ተሸንፈናል፤ ማንም ግን ከሜዳው ቶሎ መውጣት አልፈለገም።

መጨረሻው አላማረም፣ ይሄንንም እናገራለሁ። ዳላስ ለቀቀውና አሪዞና ሄደ። በ2003 ከእኛው ጋር ሲጫወት የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ። በዚያ ማሊያ ሳየው አንጀቴን በላኝ። የመቆየት ዋጋው ይሄ ነው። ሳንደርስ ይህን ዋጋ አልከፈለም። ኤሚት ከፈለ። ሁለቱንም ማክበር ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ ግን «ምርጡ ሳንደርስ ነው፣ ኤሚት ዕድለኛ ነው» የሚለውን ወይ ፍንክች፣ አልቀበልም።


ዮኒ_ኮንትራት፦

እኔ ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልጨምር፤ ናቲ ክፍያው ቀላል አይደለም ስላለ።

ሳንደርስ በ1997 ረጅም ኮንትራት ፈርሞ ነበር። የፊርማ ክፍያው 11 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሲወጣ ክለቡ የዚያን ከፊሉን መልስ አለው። ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኛ ሄደ። ዳኛውም እንዲመልስ ፈረደበት። ስለዚህ ሰውየው መሄዱ ደሞዝ ብቻ አይደለም ያስቀረበት፤ ከኪሱም አስወጥቶታል። ለሌላ ቡድን መጫወት ፈልጎ ቢሆን እንኳ መንገዱ ዝግ ነበር፤ ኮንትራቱ የላየንስ ነው። ምርጫው ዲትሮይት ወይም ቤት ነበር።

በአጠቃላይ የራኒንግ ባክ ሥራ ልብ አውልቅ ነው። ከድራፍት የወጣ ልጅ የመጀመሪያ ኮንትራቱ 4 ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ከተመረጠ ክለቡ 5ኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው። ሰውነቱ ትኩስ የሆነበት ዘመን ማለት ያ ነው። ነፃ ወጥቶ ትልቁን ገንዘብ ሊጠይቅ ሲል ክለቡ «አንተ እኮ ብዙ ሮጠሃል» ይለዋል። ሲያሻው ደግሞ ፍራንቻይዝ ታግ የሚባለውን መብት ይጠቀምበትና በተወሰነ ክፍያ ለአንድ ዓመት ያስረዋል። በ2023 ለራኒንግ ባክ የታጉ ዋጋ 10.1 ሚሊዮን ነበር። ባርክሊ ጃያንትስ እያለ ታግ ከተደረገባቸው አንዱ ነው። በዓመቱ ፊላደልፊያ ለ3 ዓመት በ37.75 ሚሊዮን ወሰደችውና 2,005 ያርድ ሮጠላት፤ ዋንጫም በላች። ጃያንትሶች ምን እንደተሰማቸው መገመት ነው። ሊቪዮን ቤል ደግሞ በ2018 ታጉን አልፈርምም ብሎ ሙሉ ሲዝን ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ቤል አልሆነም።

ሌላው ቶድ ገርሊ ነው። በ2018 ራምስ 57.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ማራዘሚያ ሰጡት። ጉልበቱ ከዳው። በ2020 አሰናበቱት፤ የዚያ ዓመት ሲዝን ሲያልቅም ጨዋታው አበቃለት። ያኔ 26 ዓመቱ ነው! ቴረል ዴቪስን እዩ። በ6ኛው ዙር፣ 196ኛ ተመርጦ፣ በ1998 2,008 ያርድ ሮጠ፣ ሁለት ሱፐር ቦውል ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ጉልበቱ ተበጠሰና ዳግም እንደ ድሮው አልሮጠም። በጠቅላላው 78 ጨዋታ ነው የተጫወተው።

እኔ ሳንደርስን የማከብረው በዚህ ነው። በገዛ እግሩ ነው የወጣው። በዚህ ሙያ ውስጥ የዚያ ዕድል ያላቸው ጥቂት ናቸው።


ናቲ_23፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ1989ኙን የ10 ያርድ ነገር ጨርሶ አላውቀውም ነበር። ሰላም፣ የጃያንትሱን ጨዋታ ማታ አየሁት። ሦስተኛው ሩብ ላይ ትከሻውን ይዞ ሲነሳ እያየሁ እኔን አመመኝ።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። 2,000 ያርድ ያለፈበትን ቀን እዚያው ነበሩ? ደግሞ ከሳንደርስ ጨዋታ ሙሉውን ማየት ብፈልግ በየትኛው ልጀምር? ቅንጭብጫቢውን ጠግቤያለሁ።


የፖንቲያኩ፦

ሰላም፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ለኤሚት ክብር አለኝ። በሴፕቴምበር 1994 ሰኞ ማታ ሁለቱ ዳላስ ላይ ሲገናኙ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ሳንደርስ 40 ጊዜ ሮጦ 194 ያርድ አገኘ፤ ላየንሶች በተጨማሪ ሰዓት 20 ለ 17 አሸነፉ። ኤሚትም በዚያ ማታ ዋዛ አልነበረም። ሁለቱን በአንድ ሜዳ ማየት የሚፈልግ ያን ጨዋታ ይፈልግ።

ናቲ፣ አዎ፣ ነበርኩ። ዲሴምበር 21, 1997፣ ከኒውዮርክ ጄትስ ጋር። ያ ሲዝን አጀማመሩ አያምርም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች በድምሩ 53 ያርድ ብቻ። ጋዜጣው ሁሉ አበቃለት ወይ ይል ጀመር። ከዚያ በ14 ተከታታይ ጨዋታ ከ100 በላይ ሮጠ። አሥራ አራት! በዚያ ላይ ማንም አልደረሰበትም። በኅዳር፣ በምስጋና ቀን፣ ከቺካጎ ጋር ሲጫወቱ 167 ያርድና 3 ተችዳውን አድርጎ ኤሪክ ዲከርሰንን አልፎ በጠቅላላ ያርድ 2ኛ ሆነ። ወደ ጄትሱ ጨዋታ ሲገባ 2,000 ለመሙላት 131 ያርድ ቀርቶታል።

የዚያን ቀን መኪናው አያልቅም። ስንገባ ጨዋታው ሄዷል። በመጀመሪያው አጋማሽ ጄትሶች ይዘውት ነበር። ቆይቶ እየከፈተ መጣ። ከእኔ ጎን አንድ ሽማግሌ አባትና ልጁ በወረቀት ላይ ያርዱን እየደመሩ ነበር። እኔም ከእነሱ ወረቀት ነው የማየው።

ከዚያ የላየንሱ ተከላካይ ሬጂ ብራውን ለታክል ገብቶ ወደቀ። አልተነሳም። አንገቱ ነው። ሐኪሞቹ ሜዳው ላይ ትንፋሹን ለመመለስ ሲታገሉ ከላይ ይታየናል። አምቡላንስ ሜዳ ውስጥ ገባ። ተጫዋቾቹ ተንበርክከው ይጸልያሉ። 80 ሺህ ሰው ባለበት የጣሪያው ማራገቢያ ድምፅ ይሰማህ ነበር። ሰውየው ሕይወቱ ተርፏል፣ በኋላም በእግሩ ሄዷል፤ ያን ቀን ግን ማንም አያውቅም። ጨዋታው ዳግም ተጀመረ። ሳንደርስ በዚያ ሁሉ መሀል ኳሱን ይዞ 2,000ን አለፈ። ጓደኞቹ ሲያነሱት ፈገግ ለማለት ይሞክራል፤ አይሆንለትም። ወዲያው ሌላ ረጅም ሩጫ ጨመረና 2,053 ላይ ቆመ። በቀኑ 184 ያርድ። 13 ለ 10 አሸነፉ፤ ፕሌይኦፍ ገቡ። በዚያ ዓመት የሊጉን የምርጥ ተጫዋች ሽልማት (ኤምቪፒ) ከግሪን ቤዩ ኳርተርባክ ከብሬት ፋቭር ጋር ተካፈሉ።

ስንወጣ ሰው በደስታ መጮህ አፍሮ ነበር። መኪና እያስወጣሁ መስታወት ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝ ሁሉ «ስለ ልጁ ሰማህ ወይ?» ነው የሚሉት። ስለ 2,000 ያርዱ የጠየቀኝ ትዝ አይለኝም።

ፈርቶ ነው ብዬ አላምንም፤ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ሁለት የቡድን ጓደኞቹ አንገታቸው ሲጎዳ ያየ፣ አንዱን የቀበረ፣ ቀሪዎቹ ሲበተኑ የተመለከተ ሰው «ለምንድን ነው የምቀጥለው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚፈረድበት አይመስለኝም። የሚመልስለት ዋንጫ ነበር። ዋንጫ ደግሞ በዚያ ቤት አልነበረም። ከዚያች ከ1992ቷ ድል በኋላ ላየንሶች ሌላ የፕሌይኦፍ ጨዋታ ያሸነፉት በጃንዋሪ 2024 ነው! ሳንደርስ ቢቆይ ሪከርዱን ይወስድ ነበር፤ ሌላ የሚወስደው ነገር አልነበረም። የሁለተኛው ጥያቄህ መልስ ለእኔ ይሄ ነው፤ ሥራውን ጨርሷል። ያልጨረሰው ክለቡ ነው። በ2023 በስታዲየሙ በር ላይ ሐውልት ሲቆምለት ግን ተጠርቶ መጥቷል፤ ቂም የያዘ ሰው አይመስልም ነበር። ያን ዜና ሳይ ደስ አለኝ።

ሪከርዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ዋልተር ፔይተን በፌብሩዋሪ 1999 የጉበት ሕመም እንዳለበት ለሕዝብ ተናግሮ ነበር። በኖቬምበር 1፣ በ45 ዓመቱ አረፈ። ሳንደርስ ተጫውቶ ቢሆን ኖሮ ሪከርዱን የሚሰብረው በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ቀብሩ ገና ሳይረሳ ነበር። ለዚህ ብሎ ተወው አልልህም። ግን ፔይተን 13 ዓመት ተጫውቶ አንድ ጨዋታ ብቻ ያመለጠው ሰው ነው፤ ሪከርዱ በስሙ ላይ እያለ መሞቱ ለብዙዎቻችን ትክክል መስሎ ታይቶናል።

በየትኛው ልጀምር ላልከኝ፣ በኦክቶበር 1997 ታምፓ ላይ ባደረጉት ጀምር። የታምፓ ተከላካይ መስመር ያኔ ዋረን ሳፕ፣ ዴሪክ ብሩክስ፣ ጆን ሊንች ያሉበት ነው፤ ሦስቱም ዛሬ የዝና አዳራሽ ውስጥ ናቸው። በእነዚያ ላይ 215 ያርድ ሮጠ። በአንድ ጨዋታ አንድ የ80፣ አንድ የ82 ያርድ ተችዳውን። ከእሱ በፊት እንዲህ ያደረገ አልነበረም። ሙሉውን እየው፤ ረጅሞቹን ሩጫዎች ብቻ ቆርጠህ አትይ። በመሀል 1 ያርድ፣ 2 ያርድ፣ ባዶ የሆኑትን ሁሉ ቁጭ ብለህ እያቸው። ከዚያ ረጅሙ ሲመጣ ዓይንህን ከኳሱ አንሳና ሊንችና ብሩክስ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ ተመልከት። ሁለቱም ትክክለኛ ቦታቸው ላይ ናቸው። ምን ያጠፉት ነገር አለ? እኔ እስከዛሬ አላገኘሁም፤ ካገኘህ ጻፍልኝ።